መኪናን ያለ ጭረት ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ

በበጋ ወራት በአዲስ አበባ፥ ገና ማለዳ ላይ በየግቢው ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ሌሊቱን በመኪና ላይ ያረፈውን አቧራ መጥረግ ነው። ዘበኛው ወይም የቤቱ ልጅ ደረቅ ጨርቅ ይዞ ከኮፈኑ እስከ ኋላ መስተዋቱ እየወለወለ ይዞራል፤ ሥራው በትጋትና በቅን ልቡና የሚፈጸም በመሆኑም የሚነቅፈው የለም፤ ባለቤቱ እንኳ መኪናው አብረቅርቆ ሲቆየው ይመርቃል እንጂ አይቆጣም። ይሁን እንጂ ለመኪና ቀለም ከዚህ የከፋ ጠላት እምብዛም አይገኝም።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የቀለሙን ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና በብረቱ ላይ አራት ያህል ልብስ ደራርቦ የለበሰ ነው፤ በመጀመሪያ ዝገትን የሚከለክለው፥ ቀጥሎ ገጹን የሚያስተካክለው፥ ከዚያም ኅብሩን የሚሰጠው፥ በመጨረሻም በሁሉ ላይ የሚነፋው ኅብር የሌለው ጽሩይ ሽፋን ይመጣል። የእነዚህ ሁሉ ውፍረት ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን፥ ይኸውም ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከዚህም የጽሩዩ ሽፋን ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያንሳል። ይህ ሽፋን በብዙ መኪኖች ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ኅብሩና ጸዳሉ በአንድ ቅብ የተዋሐዱ ስለ ነበሩ፥ አሮጌ ቮልስዋገን በሰም የወለወለ ሁሉ የጨርቁ መልክ ወደ መኪናው መልክ ሲለወጥ ማየቱ አይቀርም።

ሽፋኑ እንግዲህ ምንም ያህል ቢያበራ ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው፤ አቧራው ግን ደንጊያ ነው። በአቧራ ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት አንዱ የሆነው ኳርትዝ፥ የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚመዘንበት በሞስ መለኪያ የ7 መዓርግ ያለው በመሆኑ መስተዋትን እንኳ ይቧጭራል። ጨርቅ ብቻውን ቀለምን ይህን ያህል አይጎዳም፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከል አንዲት የደንጊያ ቅንጣት በገባች ጊዜ ግን፥ ጨርቁ ሐርም ቢሆን ሞረድ ይሆናል።

ጭረቶቹ ረቂቃን ስለ ሆኑ በደመና ቀን ተሰውረው ይውላሉ። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ማታ የመንገድ መብራት በጥቁር መኪና ላይ ሲያርፍ በብርሃኑ ዙሪያ ክብ እየሠሩ ይገለጣሉ፤ ያየም ሰው «አጣቢው እጁን እያዞረ ስላጠበው ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግማሽ እውነት ብቻ አለው። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ሲሆኑ፥ ከእነርሱ መካከል የብርሃኑን መንገድ አግድም የሚያቋርጡት ብቻ ጨረሩን ወደ ዐይን ስለሚመልሱ ዐይን ክብ ያያል፤ ተመልካቹ ቦታውን ቢለውጥም ክቡ አብሮት ይሄዳል። እጅን ቀጥ አድርጎ መሳብ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭረት ቢፈጠር እንኳ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ስለሚሆን ከአንድ ወገን ካልታየ በቀር አይጎላም።

«በፖሊሽ ይጠፋ የለምን?» የሚል ይኖራል። ይጠፋል፤ ነገር ግን ፖሊሽ የሚሠራው ከጭረቱ ግራና ቀኝ ያለውን ሽፋን ፍቆ እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ በማድረግ ነው፤ በዚህም በተደረገ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ የተፋቀውም አይተካም።

ስለዚህ የእጥበቱ ጥበብ ሁሉ፥ እጅ ቀለሙን ከመንካቱ አስቀድሞ አቧራው በተቻለ መጠን በውኃ ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ነው። መኪናው በጥላ ሥር ይቆማል፤ ኮፈኑም እስኪበርድ ይጠበቃል፤ በጋለ ብረት ላይ ውኃ ቶሎ ሲተን በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉና። ቸርኬዎቹ በራሳቸው ባልዲና በራሳቸው ብሩሽ አስቀድመው ይታጠባሉ፤ ከፍሬኑ የሚረግፈው የብረት ብናኝ የሚከማችባቸው ስለ ሆኑ እነርሱን የነካ ጨርቅ ወደ ኮፈን አይመለስም። ከዚያ በኋላ ውኃው ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች ይለቀቃል፤ በዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። በተለይ በክረምት ጭቃ የተጋገረበት መኪና እየራሰ ጥቂት እንዲቆይ ካልተደረገ፥ ጭቃው በጣት ሲፋቅ ቀለሙን እየጫረ ይወርዳል። በግፊት ውኃ የሚያጥብም ሰው የመርጫውን አፍ ከቀለሙ አንድ ክንድ ያህል ያርቅ።

የሳሙናው ዋና ተግባር ማንሸራተት ነው፤ የቀረችውን ቅንጣት ከብቦ ከገጹ ላይ ያነሣታል፥ ስትሄድም እንዳትቆነጥጥ ያለሰልስላታል። ለልብስ የተሠራው ዱቄት ሳሙና ይህን በሚገባ አይፈጽምም፤ በሚገባ ካልሟሟ ቅንጣቱ ራሱ ይፍቃል፥ በቀለሙ ላይ የተቀባ ሰም ካለም ገፎት ይሄዳል። ባልዲው ሁለት ይሁን፤ አንዱ የሳሙና፥ አንዱ የንጹሕ ውኃ። ከስፖንጅ ይልቅ የሚመረጠው ባለ ረጅም ጠጉር የማጠቢያ ጓንት አንዱን ገጽ ሳይጫን ካጠበ በኋላ፥ አስቀድሞ በንጹሑ ውኃ ይዘፈዘፍና እድፉን ያራግፋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። በባልዲው ግርጌ ፍርግርግ ቢቀመጥ የወረደው አሸዋ ከሥሩ ተኝቶ ይቀራል። ጓንቱ መሬት ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ለዚያ ቀን አገልግሎቱ አበቃ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ቅንጦት መስሎ እንደሚታይ አላጣሁትም። ቤት ውስጥ አንድ ጀሪካን ብቻ ካለ ግን የእኔ ፍርድ፥ መኪናው አቧራውን እንደ ለበሰ ይሰንብት የሚል ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ አቧራ አይጭርም። የወፍ ኩስ ብቻ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ቀለሙን ስለሚበላ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ተደርጎበት ከለሰለሰ በኋላ ይነሣ። ወደ ላቫጆ የሚወስድም ሰው ጓንቱንና ፎጣውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በዚያ ያሉት ወጣቶች በመኪና ቁጥር እየተከፈላቸው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፥ የጠዋቱን የጭነት መኪና ያጠበ ስፖንጅ ለማታው የቤት መኪና ቢያገለግል በእነርሱ አይፈረድም።

በእጥበት የተጠነቀቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው በማድረቅ ላይ ነው። ሥራው የሚቀለው ፎጣው ሳይነሣ ነው፤ የጎማ ቧንቧው አፍ ከተፈታ በኋላ ውኃው ያለ ግፊት ከጣራው ላይ ሲለቀቅ እንደ ወረደ ተያይዞ ስለሚፈስ፥ ነጠብጣቡን አብሮ ይወስደዋል። ቀድሞ ለማድረቂያ የሚፈለገው በዓሣ ዘይት የለፋ የበግ ሌጦ ነበር፤ ውኃ መጠጣቱ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ገጹ ልሙጥ ስለ ሆነ ያገኛትን ቅንጣት የሚሰውርበት ስፍራ የለውም፥ ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ይጎትታታል። ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ በዚህ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጃፓናዊው ሚዮሺ ኦካሞቶ በቶሬይ ኩባንያ ከሐር ክር እጅግ የቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር አውጥቶ ቆዳ መሰል ጨርቅ ሠራ፤ ዛሬ ከፖሊስተርና ከፖሊአማይድ የሚሠራው ፎጣም የዚያ ጥበብ ዘመድ ነው። ክሩ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ ውኃውን በስንጥቁ ይመጥጣል፥ ተርፎ የቀረውንም ብናኝ በጠጉሩ ውስጥ ይቀብረዋል። ስለዚህ ወፍራሙ ፎጣ በገጹ ላይ ተዘርግቶ በመዳፍ መታ መታ ይደረጋል፥ ወይም በሁለት ጫፉ ተይዞ በቀስታ ይሳባል፤ መፈተግ አያስፈልገውም።

ፎጣው ሲታጠብ ከጥጥ ልብስ ጋር አይቀላቀል፥ የጥጡ ብናኝ ይጣበቅበታልና፤ የልብስ ማለስለሻም አይጨመርበት፥ ስንጥቆቹን ደፍኖ ውኃ መጠጣቱን ያስተወዋል። በግቢ ገመድ ላይ ውሎ የደረቀ ፎጣ ከመኪናው የወረደውን ያንኑ አቧራ እንደገና ስለሚለብስ፥ ማድረቂያው ቤት ውስጥ፥ ማስቀመጫውም የታሰረ ከረጢት ይሁን።