የአሶሳ መሬት መልከ ብዙነትና የገበሬው አያያዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴና በጊምቢ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ከመንዲ አልፎ የዳቡስን ወንዝ ሲሻገር መሬቱ ጠባዩን ሲለውጥ ያያል። የወለጋ ደጋ ከኋላው ይቀራል። ከፊቱ ቀይ አፈር፣ ከሜዳው መካከል ብድግ ያሉ የድንጋይ ጉብታዎች፣ በየተዳፋቱም ሽመል ይታያል። ባምባሲን አልፎ አሶሳ እስኪደርስ ድረስ ዐይኑ አንድ ዓይነት መልክ አያይም።

የአካባቢው ስም ራሱ ከመሬቱ የተገኘ ነው። በርታዎች በመንጌ አካባቢ ከተራራ ላይ የሚገኘውንና እንደ ቅዱስ የሚቆጥሩትን ድንጋይ «ቤላ ሻንጉል» ይሉታል። ትርጓሜውም የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው፤ ቤኒሻንጉል የተባለውም ከዚሁ ነው። በአገራችን በድንጋይ ስም የሚጠራ ክልል ከዚህ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል። ድንጋዩም ተራ ድንጋይ አይደለም። የመካከለኛው ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ሲሆን፣ የዚህ አካባቢ ድንጋይ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመና ከሥር ያለው መሠረት ነው። በጅረቶቹ አሸዋ ውስጥ ለብዙ ዘመን የታጠበው ወርቅም ከዚሁ አሮጌ ድንጋይ እየተሸረሸረ የወረደ ነው።

የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወደ ኩርሙክ ሲወረድ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የግማሽ ቀን መንገደኛ ወይና ደጋ ቁርሱን በልቶ ቆላ ምሳውን ይበላል ማለት ነው። በቆሎ፣ ዳጉሳና ኑግ ከላይ፣ ማሽላና ሰሊጥ ከታች የሚስማማቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንጎውም የአሶሳን ጓሮ ሁሉ አልብሶታል።

ይህን መልከ ብዙነት በእጁ የተማረ ቢኖር በ1970ዎቹ ዓመታት ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተጎዱ ቦታዎች መጥቶ የሠፈረው ገበሬ ነው። በአሶሳ «አምባ»፣ በፓዌ ደግሞ «መንደር» እየተባለ በቁጥር በተሰየመው የሠፈራ ጣቢያ ሲገባ፣ ገደል ሥር እርከን ሠርቶ የሚያርሰው ሰው ዳርቻው የማይታይ ሜዳ ተሰጠው። ሜዳው ለትራክተር ተመቸ፤ ለገበሬው ግን እንግዳ ነበር። በዚህ ቀይ አፈር ላይ የሚወርደው ዝናብ ብዙ ስለሆነ የአፈሩን ምግብ እያጠበ ይወስዳል፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። ዛሬ ኖራ የሚበተነው ለዚሁ ነው። እርከን ለገደል ብቻ ነው ብሎ የተወ ሰው መሬቱ ሜዳ መስሎት ሳይታወቀው ታጥቦበታል።

የመሬት ጉዳይ በእጃቸው የሆነ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይበልጥ ሊያስቡበት የሚገባው ግን ተዳፋቱ ነው። ተዳፋቱን የያዘው ሽመል ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ሽመል ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ ስለዚህም ለቤት፣ ለአጥርና ለጎተራ ይመረጣል። ክረምት ሲገባ የሚያቆጠቁጠው ለጋው ይበላል፤ በበጋ ሣር ሲደርቅ ቅጠሉ ለከብት ይሆናል። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ አፈሩን ይይዛል። ነገር ግን ሽመል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና፣ በአንድ አካባቢ ያለው በአንድነት ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው «ጫካው ሞተ» ብሎ እሳት ይለቅበታል፣ ወይም ለእርሻ ይመነጥረዋል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከዘሩ የሚነሣው ቡቃያ ለዓመታት ቀጭን ሆኖ ስለሚቆይ አንድ የበጋ ቃጠሎ ወይም አንድ የከብት መንጋ ይጨርሰዋል። የደረቀውን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ቦታውን ግን ከልሎ ማቆየትና ዙሪያውን በኅዳር ሣር ሳይደርቅ እሳት እንዳያልፍ መጥረግ የማኅበሩ ሥራ ነው። ተዳፋቱ ከተራቆተ የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ማሳ ይሞላዋል፤ የታችኛው ማሳ ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ማኅበር ነው።

የወንዝ ዳር መሬት ሌላ ጠባይ አለው። በዓባይ፣ በዳቡስና በበለስ ዳርቻ ያለው ጥላ የቆላ ዝንብ መኖሪያ ነው። ገንዲ የሚባለውን በሽታ ወደ ከብት የምታስተላልፈው ይህችው ዝንብ ናት። ከደጋ በሬ ይዞ የመጣ ሠፋሪ በሬውን ቀብሮ በመቆፈሪያ የቀረበት ጊዜ ነበር። ከሁሉ ቀድመው ቆላውን ያወቁት ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ በእጅ መቆፈሪያ ማረሳቸው ኋላ ቀርነት ሳይሆን ቦታውን ማወቅ እንደሆነ ብዙ ሰው የተረዳው ከዚህ በኋላ ነው። ከብት ውኃ የሚጠጣበትን በር በአንድ ቦታ ወስኖ፣ ዝንቧን በወጥመድ መቀነስና የታመመውን ቶሎ ማሳከም በሬን ያተርፋል።

አሁን ደግሞ ለዚህ መሬት አዲስ መልክ ተጨምሮለታል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በጉባ የተጣለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ ትናንት ሸለቆ የነበረውን ዳርቻ አድርጎታል። ከኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሐይቅ ማየት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር ነው። ከላይኛው ማሳ ታጥቦ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቀይ አፈርም ከእንግዲህ አብዛኛው ወደ ሱዳን አያልፍም፤ የሚተኛው በዚያ ሐይቅ ሥር ነው።