ፍየል ያገኘችውን ትበላለች?

«ፍየል ምን ትመርጣለች? ያገኘችውን ትበላለች» ይባላል። ጭሮ ገበያ ዳር ካርቶን ስታኝክ ላያት እውነት ይመስላል፤ አባባሉ ግን ይበድላታል። ከከተማው ወጣ ብላችሁ ግራር ሥር ስትበላ በቅርብ ተመልከቷት። ከንፈሯን በእሾኹ መሀል አሹልካ ለጋውን ቅጠል ብቻ ትቀነጥባለች፤ ደረቁን ትታ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ታልፋለች።

ምርጫዋ ቅብጠት አይደለም። 400 ኪሎ የሚመዝን በሬና 25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል እናስብ። በክብደት በሬው 16 ፍየል ነው። ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገው ጉልበት ግን የ8 ፍየል ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ሲተልቅ የጉልበት ፍላጎት በዚያው ልክ እንደማያድግ ማክስ ክላይበር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 በስሌት አሳይቷል። የሆድ ስፋት ግን ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል። ስለዚህ በሬ የማሽላ አገዳን የመሰለ ጠንካራ መኖ ሆዱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አቆይቶ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን እስኪያብላሉት ይታገሣል። ፍየል ያን ያህል ጊዜ የላትም፤ ትንሽ ሆዷ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ገንቢ መሆን አለበት። በቆላው ቁጥቋጦ የምትኖረው፣ 4 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው እንሹማ በገለባ ልኑር ብትል ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች።

«እንግዲያው ለበሬ አገዳ ይበቃዋል» የሚልም ተሳስቷል። ለመኖር ይበቃው ይሆናል፣ ለመስባት ግን አይበቃውም። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ማሽላውን አጠጋግቶ ይዘራል፤ ሲያሳሳ የነቀለውን ለጋ ቡቃያና የሸመጠጠውን ቅጠል ደጁ ላይ ላሰረው ሰንጋ በእጁ ያጎርሳል። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያገኘው በዚህ ድካም ነው።

«ትልቁ ትንሹን ያስርበዋል» የሚባለውስ? ገንዳ ላይ ቀንድ ያሸንፋል። መስክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሬ ሣሩን የሚነጨው በምላሱ ጠቅልሎ ስለሆነ፣ ሣሩ ካጠረ ምላሱ የሚይዘው ያጣል። በግ በጠባብ አፏ ከመሬት አስተካክላ ትግጠዋለች። በጎች በጋውን በከረሙበት መስክ የሚከሳው እንግዲህ በሬው ነው። ትልልቆቹ ቀድመው ረጅሙንና ሻካራውን ሲያነሡ ደግሞ ከሥር ያለው ለምለም ለትንንሾቹ ይገለጣል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የሜዳ አህያ ቀድሞ፣ ትንሿ የሜዳ ፍየል ኋላ የምትግጠው ለዚህ ነው።

ግን ክብደት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ሚኤሶ ወርዳችሁ ግመልን እዩ። ከበሬ ትበልጣለች፤ ዋና ምግቧ ግን የዛፍና የቁጥቋጦ ቅጠል ነው። ከፍየሏ ጋር አንድ ግራር ይጋራሉ፤ ፍየሏ በኋላ እግሯ ቆማ የደረሰችበትን ትጨርሳለች፣ ግመሏ እስከ 3 ሜትር ከፍታ ያለውን ትለቅማለች። ድርቁ ሲጠና የታችኛው ቅርንጫፍ ይራቆታል። ያኔ ፍየሏ ከግመሏ እግር ሥር ቆማ የረገፈውን የግራር ፍሬ ትለቅማለች።