ጎልማሳን የሚጥል በሽታ ከየት ይመጣል?

አንድ የ30 ዓመት ገበሬ አለ እንበል። ከዚያ በፊት ወድቆ አያውቅም። አንድ ቀን ዐውድማ ላይ ሳለ ድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ተንፈራገጠ፤ አረፋም ደፈቀ። ከፊሉ ሰው «ጋኔን ነው» ይላል። ከፊሉ «አትንኩት፣ ይጋባል» ብሎ ይሸሻል። ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጣም አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ብዙ ሕዋሳት ባንድ ጊዜ ከሥርዓት ሲወጡ ሰውዬው ይወድቃል። በልጅነት ያልነበረው በጎልማሳነት ሲጀምር ደግሞ አንጎልን የነካ ነገር ሊኖር ይችላል። ይኸውም የጭንቅላት ጉዳት፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት፣ ዕጢ፣ ወይም ሌላ ሕመም ነው።

ከነዚህ አንዱ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ሻርኮ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ለይቶ ገልጾታል። በአገራችን ከሰሜን አውሮፓ ይልቅ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታችኋል? ላዩን ላስቲክ ለብሷል። ነርቭም ማይሊን የሚባል ልባስ አለው። በዚህ በሽታ፣ ከጀርም ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ ይህን ልባስ ያጠቃል። ዘበኛው የገዛ ቤቱን አፈረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዓይን ይደበዝዛል፤ እግር ይዝላል፤ ሰውነት ይደነዝዛል። ቁስሉ የአንጎልን የላይኛውን ሽፋን ሲነካ ደግሞ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ሊታወኩና ሰውን ሊጥሉት ይችላሉ። የሁለቱ በሽታዎች ግንኙነት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ከ100 የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን የሚጥል በሽታ የሚይዛቸው 2 ወይም 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። የሚወድቅም ሁሉ መልቲፕል ስክለሮሲስ አለበት ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ራሱን ሳይስት እጁ ወይም እግሩ ለጥቂት ጊዜ ሊገተር ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የሚጥል በሽታ አይደለም። ስለዚህ ያየ ሰው ለሐኪሙ አጣርቶ ይንገር፦ ስንት ደቂቃ ቆየ? ራሱን ስቶ ነበር? ከየትኛው ወገን ጀመረ?

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ አትሽሹ፤ አይጋባም። ከእሳትና ከውሃ አርቁት። ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት። መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪትም አታሽትቱት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒት በየቀኑ ሳያቋርጡ የሚወስዱ ብዙ ሕሙማን መውደቃቸው ይቀራል፤ አርሰው፣ ነግደው፣ ልጅ አሳድገው ይኖራሉ።

እሳት ላይ ወድቀው፣ የሚያነሳቸው ጠፍቶ አካላቸው የጎደለ ወገኖች አሉን። ያቃጠላቸው በሽታው ብቻ አይደለም፤ የኛ አለማወቅም ነው። ያነበበ ላላነበበ ይንገር።