ጋሪ ሲያሠሩ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል?



የመኸር ምርት ከመሰብሰቡ በፊት ብዙ አርሶ አደሮች ብየዳ ቤት ሄደው አዲስ ጋሪ ያዝዛሉ። በያጁ ስለ ቁመቱ ሲጠይቅ የተለመደው መልስ «ድንጋይ እንዳይነካው ከፍ አድርገው» የሚል ነው። በያጁም ካሶኒውን በብረት እግር አንስቶ ያስረክባል። ጋሪው ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ድንጋይ መንካቱ አይቀርለትም። በዚያ ላይ መንገዱ ወደ ጎን ሲያጋድል በቀላሉ ይገለበጣል። ጋሪ ሲገለበጥ የሚጎዳው እህሉ ብቻ አይደለም። የአህያው ወይም የበቅሎው እግር ሊሰበር፣ ጭነቱ ላይ የተቀመጠ ልጅም ሊሞት ይችላል። እርስዎ ሞዴል ስለሆኑ ደግሞ ጎረቤት ያሠሩትን አይቶ ያንኑ ያሠራል፤ ስህተቱም አብሮ ይዛመታል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት አጭር ነው፦ ጋሪን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማው ነው፤ ካሶኒው ግን በተቻለ መጠን ዝቅ ማለት አለበት።

1. ሁለቱን ከፍታዎች ይለዩ

አንደኛው ከፍታ ከመሬት እስከ ጋሪው ዝቅተኛ ብረት ያለው ክፍተት ነው። በአብዛኛው ጋሪ ዝቅተኛው ብረት ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ወይም አክስሉ ነው። ሁለተኛው ከፍታ ከመሬት እስከ ካሶኒው ወለል ያለው ነው። ካሶኒው በብረት እግር ሲነሳ የሚጨምረው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ አክስሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አክስሉ ከፍ የሚለው ጎማው ሲተልቅ ነው።

ባሌስትራ የሚያስገጥሙ ከሆነ አስተሳሰሩን ይመልከቱ። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከታሰረ ማሰሪያ ብረቱና ብሎኖቹ ወደ መሬት ስለሚወርዱ ክፍተቱን ይቀንሳሉ። ከአክስሉ በላይ ሲታሰርም የብሎኖቹ ጫፍ ከታች ረዝሞ እንዳይቀር ያስቆርጡ።

2. መንገድዎን ይለኩ

ወደ ብየዳ ቤት ከመሄድዎ በፊት ከማሳ እስከ አውድማ፣ ከአውድማ እስከ ቤትና እስከ ገበያ ያለውን መንገድ አንድ ዱላና ሜትር ይዘው ይሂዱበት። በሁለቱ የጎማ ቦዮች መካከል ጉብታ ወይም የተተከለ ድንጋይ ሲያገኙ ዱላውን በጉብታው አናት ላይ አግድም ያስቀምጡ። ከዱላው እስከ ቦዩ ታች ያለውን ይለኩ። ከለኳቸው ሁሉ ትልቁን ይያዙ፤ በዝናብ ወቅት ጎማው የሚሰምጠውን ይጨምሩበት፤ ለመወዛወዝ ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ያክሉ።

ለምሳሌ ትልቁ ጉብታ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ጎማው 3 ሴንቲሜትር ቢሰምጥና መጠባበቂያው 5 ቢሆን፣ ከአክስሉ በታች የሚያስፈልግዎ ክፍተት 28 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ብቻውን የበቀለ ድንጋይ ልኩን ካበዛው ግን ለእሱ ሲባል ጎማ ከመቀየር ድንጋዩን በዶማ ማንሳት ይረክሳል።

3. ጎማውን በልኩ ይምረጡ

የጎማውን ሙሉ ቁመት ለሁለት ያካፍሉ። ከዚያ ላይ የአክስሉን ውፍረት ግማሽ፣ እንዲሁም ጎማው በጭነት የሚረገጠውን ይቀንሱ። አክስሉ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢኖረውና ጎማው በጭነት 1.5 ሴንቲሜትር ቢረገጥ፦

• 175/70 የሆነ ባለ 13 የቤት መኪና ጎማ ቁመቱ 57 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ክፍተቱ 24 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል።
• 205 የሆነ ባለ 16 የፒክአፕ ጎማ ቁመቱ 74 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ክፍተቱ 33 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል።

ከላይ ላየነው መንገድ የመጀመሪያው አይበቃም፤ ሁለተኛው ይበቃል። ትልቅ ጎማ ጉድጓድና ድንጋይ ላይ ሲወጣም ለእንስሳው ይቀለዋል። አሮጌ ጎማ ስለሚያልቅ ጽሑፉን ብቻ አይመኑ፤ ቁመቱን በሜትር ይለኩ።

4. ካሶኒውን ዝቅ፣ ጎማዎቹን ራቅ ያድርጉ

በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 120 ሴንቲሜትር፣ የጭነቱና የጋሪው ክብደት መሃል ከመሬት 90 ሴንቲሜትር ላይ ነው እንበል። ይህ ጋሪ ቆሞ ሳለ አንዱ ጎማ ከሌላው 66 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ሲል ይገለበጣል። ካሶኒውን 20 ሴንቲሜትር ብናነሳው በ57 ሴንቲሜትር ይገለበጣል። በዚሁ ከፍታ የጎማዎቹን ርቀት ወደ 140 ብናሰፋው ግን እስከ 75 ሴንቲሜትር ይቋቋማል። በጉዞ ላይ ጋሪው ስለሚናጥ ከዚህ በጣም ቀድሞ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ከግማሹ በላይ የሚያጋድል ቦታ ላይ አይሂዱ።

ካሶኒው ከጎማዎቹ በላይ ሳይሆን በመካከላቸው እንዲቀመጥ ያዝዙ፤ ያኔ ትልቅ ጎማ ገጥሞም ወለሉ ከአክስሉ ብዙ አይርቅም። ስፋቱን ሲወስኑ በእርከን ዳር የሚያልፈውን መንገድና የአጥርዎን በር ይለኩ። ነዶ ወይም ጭድ ሲጭኑ ክምሩ የክብደቱን መሃል ወደ ላይ ስለሚወስደው ከመከመር ይልቅ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል።

5. እንስሳውንም ይለኩ

በእንስሳው ግራና ቀኝ የሚያልፉት ሁለቱ ክንዶች፣ እንስሳው ተጠምዶ ሜዳ ላይ ሲቆም፣ ወለሉ ሳያዘነብል መግጠም አለባቸው። ለበቅሎ የተሠራ ጋሪ አህያ ሲጠመድበት ወደ ፊት ያዘነብልና ጭነቱ ጀርባው ላይ ያርፋል። ለአህያ የተሠራው በቅሎ ሲጠመድበት ወደ ኋላ ያዘነብልና የሆድ ቀበቶው እንስሳውን ወደ ላይ ይጎትታል።

የካሶኒው ከፍታ ቁልቁለት ላይም ያስከፍላል። 3 ኩንታል ጭነት፣ መሃሉ ከአክስሉ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በ5 ሜትር ርቀት 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ቢሄድ፣ ክንዱ ከአክስሉ 2 ሜትር ለሚርቅ ጋሪ በእንስሳው ጀርባ ላይ 18 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ከፍታው 90 ቢሆን ጭማሪው 27 ኪሎ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ያው ክብደት ወደ ኋላ ይሄድና ክንዱን ያነሳል።

6. ለመረሬ አፈር

እንደ ፎገራና ደንቢያ ባለ ጥቁር አፈር ሜዳ ችግሩ ከድንጋዩ ይልቅ መስመጡ ነው። ቀጭን ጎማ ጭቃውን እየቆረጠ ስለሚወርድ አክስሉ ጭቃ ላይ ይተኛል። በዚህ ቦታ ከከፍታው በፊት የጎማውን ስፋት ያስቀድሙ፤ ጭነት ይቀንሱ፤ ከተቻለም መንገዱ እስኪጠነክር ይጠብቁ።

7. ከመረከብዎ በፊት

ሙሉ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ጋሪውን በሚጭኑት ልክ አሸዋ በሞሉ ጆንያዎች ያስጭኑ። በለኩት ቁመት፣ በምሳሌያችን 28 ሴንቲሜትር፣ እንጨት ቆርጠው ከአክስሉ ሥር ያሳልፉ። እንጨቱ ከነካ ጎማው አንሷል ማለት ነው፤ ካሶኒውን ማንሳት መፍትሔ አይሆንም። ያን የተቆረጠ እንጨት ይዘው ይመለሱ፤ ጎረቤትዎ ጋሪ ሊያሠራ ሲነሳ የራሱን መንገድ ለክቶ የራሱን እንጨት እንዲቆርጥ ያሳዩት።