ሬጅስትራር ደጅ የሚጠና ሰርተፍኬት

መንግሥት ሐምሌ 2016 ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና ሲያስጀምር፣ በነፃ ከቀረቡት ኮርሶች አንዱ የዳታ ሳይንስ መነሻ ትምህርት ነበር። የፈለገ ይመዘገባል፣ ይማራል፣ ሲጨርስም ስሙ ያረፈበትን ሰርተፍኬት ያወርዳል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ነው። ሰርተፍኬቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንት ክሬዲት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን ወሬው ይቀዘቅዛል።

አንድ የደቡብ ወሎ ቦረና ልጅ ኢኮኖሚክስ ያጠናል እንበል። ክረምቱን መካነ ሰላም ከቤተሰቡ ጋር አሳልፏል። መስመሩ ደህና በሚሆንበት ሌሊት እየነቃ፣ ጥቅል እየገዛ፣ አማካይን፣ ስርጭትን፣ የናሙና አወሳሰድን፣ ሪግሬሽንን በኢንተርኔት ተምሮ ጨርሷል። መስከረም ላይ ሲመለስ የሴሚስተሩ ዝርዝር ውስጥ «ስታቲስቲክስ ለኢኮኖሚስቶች» ተጽፎ ይጠብቀዋል። ሰርተፍኬቱን አትሞ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ያሳያል። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ ያይና «ጎበዝ፣ በርታ!» ይለዋል፤ ወዲያውም ኮርሱን እንዲመዘገብ ይነግረዋል። ሰውየው ክፋት የለበትም። የኮርስ ዝውውር በተለመደው አሠራር የሚታሰበው ዕውቅና ካለው ተቋም በኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለመጣ ትምህርት ነው። ከስልክ ላይ የወረደ ሰርተፍኬት ቢበዛ ከሥራ ማመልከቻ ጋር ይያያዛል።

ትምህርቱ ስለሚያንስ ነው እንዳንል ሰዓቱን እንቁጠር። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ጫና የሚለካበት አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ነው ተብሎ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ እንግዲህ 135 ሰዓት ይሆናል። የአሜሪካው ኤምአይቲ በኢንተርኔት የሚሰጠው የስታቲስቲክስ መሠረታዊ ኮርስ በሳምንት ከ10 እስከ 14 ሰዓት እየተጠና አራት ወር ያህል ይወስዳል፤ ከ135 ሰዓት በላይ መሆኑ ግልጽ ነው። በሌላ በኩል በሁለት ቅዳሜ የሚያልቅ «ኮርስ»ም ሞልቷል። ሁለቱም ሰርተፍኬት ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ሲታይም ይመሳሰላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ (በኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኗል) ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃ በመጥፎው ዋጋ እንደሚተመን አሳይቷል። የመካነ ሰላም ገበሬ ይህን ለመረዳት አከርሎፍን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ከማያውቀው ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ያራምደዋል፣ ካልሆነም ዋጋውን ይሰብራል። ሬጅስትራሩ ግን ሰርተፍኬቱን የሚያራምድበት መንገድ የለውም። ፈተናውን የተፈተነው ልጁ ይሁን ጓደኛው፣ ወይም ዘንድሮ እንደሚታየው ቻትጂፒቲ፣ አያውቅም። ስለዚህ የሁሉንም ዋጋ ዜሮ ያደርገዋል። ሌሊት የነቃው ልጅም በዜሮ ይተመናል።

ሌላው ዓለም ይህን ቋጠሮ በተለያየ መንገድ ፈትቶታል። ህንድ በመንግሥት ደረጃ «ስዋያም» የተባለ የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ አቋቁማ፣ ተማሪው ከኮርሶቹ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ከዚያ እንዲወስድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ ፈቀደች፤ በ2021 ጣሪያውን ወደ 40 በመቶ አሳደገችው። በአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤቱ እንደ ጉግል ዳታ አናሊቲክስ ያሉ ሰርተፍኬቶችን መርምሮ ክሬዲት ቢሰጥባቸው ይላል፤ መቀበል አለመቀበል ግን የየኮሌጁ ፈንታ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የኤምአይቲ ሌላ ፕሮግራም ይመስለኛል። ኖቤል ከተሸለሙት ከአቢጂት ባነርጂና ከአስቴር ዱፍሎ ጋር ስሙ የተያያዘው የዳታና የልማት ፖሊሲ ትምህርት መጀመሪያ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ክፍያውም እንደ ተማሪው ገቢ ይቀንሳል። ኮርሱ ዋጋ የሚኖረው ግን ተማሪው ክትትል ባለበት ፈተና ተቀምጦ ሲያልፍ ነው። ያንን ያለፈ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ባይኖረው እንኳ ለማስተርስ ማመልከት ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹም እ.ኤ.አ. በ2020 ግቢው ገብተዋል። የት ተማርክ ሳይሆን ምን ታውቃለህ ነው የተባሉት።

ይህ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በቴክኒክና ሙያ በኩል በ2000 የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ምዘናውን ከማስተማሩ ለይቶታል። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ኮሌጅ ለተማረም፣ ከአባቱ ጋራዥ ሥር ላደገም ክፍት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ የአቀስታ አናጺ እጁን አሳይቶ የብቃት ማረጋገጫ ሊይዝ ይችላል። ሪግሬሽን የሚሠራው ጎረቤቱ ግን ዕውቀቱን አሳይቶ ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ የሚያስቆጥርበት በር አላገኘም። ለእጅ ሙያ የታመነ አሠራር ለስታቲስቲክስ የማይታመንበት ምክንያት አይገባኝም።

«የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ክብር አለው፣ እንደዚህ አይቀልም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክብሩን ፈተና አይቶታል። በ2015 መጨረሻ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ግማሽ ነጥብ አምጥተው ያለፉት 40.65 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ያህሉ አለፉ። ለፈተናው የተቀመጡት ሁሉ የሚጠበቅባቸውን ኮርሶች ወስደዋል ተብለው የመጡ ነበሩ። ትራንስክሪፕትም እንግዲህ እንደ ሰርተፍኬቱ ሁሉ ሊያሳስት የሚችል ወረቀት ነው። ከሁለቱ አንዱን ያለ ጥያቄ ተቀብሎ ሌላውን ያለ ጥያቄ መጣል ሚዛን አይባልም።

የማይወራው ምክንያት ገንዘብ ነው። የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪ፣ የግል ኮሌጅ ተማሪም፣ ክፍያው በአብዛኛው የሚሰላው በክሬዲት ሰዓት ነው። ሦስት ክሬዲት ከኢንተርኔት ይዞ የመጣ ተማሪ የሦስት ክሬዲት ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው፤ ኮሌጁ ደግሞ ያንኑ ያህል አጣ። ገቢውን በገዛ ደንቡ የሚቀንስ ተቋም አይጠበቅም። ስለዚህ ጉዳዩ ለየኮሌጁ በጎ ፈቃድ ከተተወ ባለበት ይቀራል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስሌቱ ይለያል፤ እዚህ ላይ የኢንተርኔት ትምህርት አፍቃሪዎችም ትንሽ ያጋንናሉ። የመደበኛ ተማሪ ዕለታዊ የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። አንድ ሴሚስተር 120 ቀን ቢባል የምግቡ ብቻ 12 ሺህ ብር ይመጣል። ነገር ግን አንድ ኮርስ ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ አልጋውንም ምግቡንም አይለቅም፤ ሴሚስተሩን የሚኖረው ያው ነው። መንግሥት የሚያተርፈው የተቆጠሩት ኮርሶች ተደምረው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሲያሳጥሩ ነው። ከዚያ በታች ጥቅሙ ለራሱ ለተማሪው ነው፦ አንድ ኮርስ ወድቆ ዓመት ሊጠብቅ የነበረ ተማሪ አይጠብቅም፤ ጎበዙም በተረፈው ሰዓት ኢኮኖሜትሪክስን ጠንቅቆ ያጠናል።

ዶላሩም አለ። የጉግሉ የዳታ ሰርተፍኬት በአሜሪካ ዋጋ በወር 49 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በነበረው 57 ብር አካባቢ 2,800 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ዶላሩ በ150 ብር ቢሰላ 7,350 ብር ነው፤ በ2018 መነሻ 11,500 ብር ከሆነው የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ደመወዝ ጋር ሲተያይ ሁለት ሦስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ልጅ የሚያዋጣው እንግዲህ በነፃ የሚሰጠው ነው። እሱም ቢሆን መስመር ይፈልጋል። የአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት የቆየ ክልል ነው፤ ሌላው ሲማር የቦረና፣ የወግዲና የከለላ ተማሪ ያጣውን ጊዜ የሚመልስለት የለም። በግሌ የማደላው ቪዲዮው በፍላሽ ተጭኖ የሚሰጥበት፣ ፈተናው ብቻ በአካል የሚሆንበት አሠራር ላይ ነው።

ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ቱሉ አውሊያ ሲሆን መካነ ሰላምም ግቢ አለው፤ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍልም አቋቁሟል። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም የሚመጣ ነው። መጀመሪያ መታሰብ ያለበት አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ መግቢያ ስታቲስቲክስ። ኢኮኖሚክሱም፣ አካውንቲንጉም፣ ግብርናውም በየመልኩ ስለሚወስደው ይዘቱ ላይ ለመስማማት ብዙ አያጨቃጭቅም። በመውጫ ፈተናው ሳምንት ግማሽ ቀን ጨምሮ፣ መታወቂያ አይቶ፣ ፈታኝ አቁሞ መፈተን አዲስ ላቦራቶሪ አያስገነባም። ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራን አበል ይከፈላቸዋል፣ የሴኔት ሕጉም አንድ አንቀጽ ይጨመርበታል። የፈተናውን ወጪ ራሱ ተፈታኙ ይክፈል ቢባል እንኳ አንድ ኮርስ ከመድገም ይረክስለታል።