ከሰባቱ ድል ስድስቱ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ1949 እስከ 2014 ዓ.ም. በ11 የአፍሪካ ዋንጫዎች ተሳትፎ 30 ጨዋታ አድርጓል። 7 አሸነፈ፣ 4 አቻ ወጣ፣ 19 ተሸነፈ። ከመቶ 23 ድል መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔ ግን ቁጥሩ ከሚናገረው የሚደብቀው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሰላሳውን ጨዋታ በሠንጠረዥ እንደርድራቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ፣ በረድፉም ዓመት፣ ተጋጣሚ፣ ውጤትና ሜዳ። የቀረው የአር ሥራ ነው። አር በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት፣ ለስታቲስቲክስ የተበጀ፣ በነጻ የሚገኝ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን የሚቀለው በፓይተን ይሥራው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የሚማር ልጅ ይህን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ የሚያደክመው ሠንጠረዡን ማጥራቱ ነው።

ለምሳሌ የዘመን አቆጣጠሩ። በፈረንጆቹ 1962 ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ያነሣንበት ዓመት ነው። በእኛው 1962 ግን ካርቱም ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን የተመለስንበት ነው። 1968ም እንደዚሁ ያምታታል፤ በፈረንጆቹም በእኛም አቆጣጠር ውድድሩን ያዘጋጀነው እኛ ነን፣ ውድድሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ኮምፒውተር የተሰጠውን ቁጥር ይቀበላል እንጂ የማን ዘመን ነው ብሎ አይጠይቅም። እኔ እዚህ ሁሉንም በእኛው ጽፌያለሁ።

አሁን መስመር እንሳል። ድል አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ሽንፈት አንድ ደረጃ ወደ ታች፣ አቻ ባለበት። መስመሩ በ1949 በግብፅ 4 ለ 0 ሽንፈት ከዜሮ በታች ይጀምራል፤ በ1951 ከዜሮ ሦስት በታች ይወርዳል። በ1954 ቱኒዚያንና ግብፅን በተመሳሳይ 4 ለ 2 ውጤት አሸንፈን ዋንጫውን ስናነሣ እንኳ የሚደርሰው ከዜሮ አንድ በታች ነው። በ1960 ዑጋንዳን፣ አይቮሪኮስትንና አልጄሪያን በተከታታይ ስንረታ እንደገና እዚያው ይደርሳል። ዜሮን አንድም ቀን አልነካም። የሻምፒዮን ሀገር መስመር እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ዛሬ ያለው ከዜሮ 12 በታች ነው።

መስመሩ ያልገለጠውን የሜዳው ዓምድ ይገልጠዋል። አዲስ አበባ ላይ 10 ተጫውተን 6 አሸንፈናል። በውጭ ሀገር 20 ተጫውተን ያሸነፍነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በ1956 ጋና ላይ ቱኒዚያን። ልዩነቱ የአጋጣሚ ይሆን? ሰባቱን ድል እንደ ዕጣ ቆጥሮ በሰላሳው ጨዋታ ላይ በዘፈቀደ እንዲበትናቸው ፕሮግራሙን ማዘዝ ይቻላል፤ መቶ ሺህ ጊዜም ቢሆን አይሰለቸውም። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ድል አዲስ አበባ ላይ የሚወድቀው ከሺህ 2 ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

አንባቢ ወዲያው ሊቃወመኝ ይገባል፦ ውድድሩን ካዘጋጀን ዘመናት አልፈዋል፣ በኋላ ደግሞ ሌሎቹ በረቱ፤ ስለዚህ ልዩነቱ የዘመን እንጂ የሜዳ ላይሆን ይችላል። ልክ ነው። እንግዲህ እስከ 1968 ያሉትን 21 ጨዋታዎች ብቻ እናስቀር። በሜዳችን ከ10 ስድስት፣ በውጭ ከ11 አንድ። የአጋጣሚው ዕድል ከመቶ ወደ 2 ያድጋል። ማስረጃው ሳሳ፣ ግን አልወደቀም።

ታዲያ ያገዘን ደጋፊው ነው ወይስ የአዲስ አበባ ከፍታ? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ጥያቄው ለጎጃም ደገኛ ባዕድ አይደለም። ፊፋ በ1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ከልክሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አነሣው። በዚያው ሰሞን ፓትሪክ ማክሻሪ የተባለ ተመራማሪ የደቡብ አሜሪካን 1,460 ጨዋታዎች መርምሮ፣ ባለሜዳው ከእንግዳው በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥር የግብ ልዩነቱ በግማሽ ግብ ያህል ለእሱ እንደሚያደላ አሳተመ። የእኛ አሥር ጨዋታዎች ግን ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ስለሆኑ ጩኸቱንና ከፍታውን መለየት አይቻልም።

የሚለያቸው የክለብ ጨዋታ ነው። የደብረ ማርቆስ ቡድን በሜዳው የደብረ ብርሃንን ቢያስተናግድ እንግዳው ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የለመደ ነው፤ የድሬዳዋን ቢያስተናግድ ግን ከ1,200 የመጣ ነው። ደጋፊው ያው ነው። በአግድሙ የከፍታ ልዩነት፣ በቁሙ የግብ ልዩነት አድርጎ እያንዳንዱን ጨዋታ በነጥብ ማስፈር ነው። ሥራው የጩኸት ብቻ ከሆነ ነጥቦቹ ሜዳማ ይሆናሉ፤ የሳንባ ከሆነ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። ችግሩ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበት መሆኑ ነው፤ እዚያ ሳምንታት የከረመ የቆላ ቡድን አየሩን ይለምደዋል።

ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ሠንጠረዥ የማጣሪያ ጨዋታዎችን የሚጨምርም ቢሆን በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት ረድፍ ላይ መቆሙ አይቀርም። በመዝገብ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እኔ ብሆን «ገለልተኛ» ብዬ እሞላዋለሁ።