ሙዚቃ ቤት፦ ከመደርደሪያው ጀርባ የነበረው ሥራ

በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች ሙዚቃ ቤት የሌለው ዋና መንገድ ማግኘት የሚያስቸግርበት ዘመን ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ በካሴት የተሞላ፣ ግድግዳው በድምፃውያን ፖስተር የተሸፈነ፣ በሩ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ሞንታርቦ የቆመ። አላፊ አግዳሚው የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ገብቶ ካሴት ይገዛል፣ ይወጣል። ለዘፋኙ፣ ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲውና ለአቀናባሪው ግን ሙዚቃ ቤት ማለት ገንዘብ አበዳሪ፣ የመጀመሪያ ሰሚ፣ አሳታሚና አከፋፋይ ማለት ነበር። ዛሬ ያ ሱቅ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ወይም ካፌ ሆኗል። መደርደሪያው መፍረሱ ብዙም አያሳዝነኝም፤ ዘፈን ለመስማት ካሴት መግዛት የቀረው የተሻለ መንገድ ስለተገኘ ነው። የሚያሳስበኝ ከመደርደሪያው ጀርባ የነበረው ሥራ ነው። የዚያ ሥራ ግማሹ ወራሽ አላገኘም።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሴት በፊት በሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ፣ የሙዚቃ ኅትመት ለረጅም ጊዜ የግለሰብ ንግድ አልሆነም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህንን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሃ አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ደንበኞቹ ለውጭ ዘፈን ሲሻሙ እያየ፣ በየምሽት ክበቡ የሚሰማው የአገር ልጅ ዘፈን ለምን በሸክላ አይወጣም ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአለማየሁ እሸቴ ጀመረ፤ ሸክላውን የሚያሳትመው ውጭ አገር ነበር። እስከ 1975 በነበሩት ስድስት ዓመታት ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም አልበሞችን አወጣ። ከዚያ አብዮቱ ሲበረታ አገር ለቆ ዋሽንግተን ገባ።

ይህንን ታሪክ ያነሳሁት አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምንለው የሙዚቃ ቅርስ በመንግሥት በጀት አልተቀረጸም። ባለሱቆች በራሳቸው ኪስ ያስቀረጹት ነው። ከአምሃ ቀጥሎ የመጣው ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ አገሩ ሁሉ «ዓሊ ታንጎ» የሚለው፣ እንዲሁ ባለሙዚቃ ቤት ነበር። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ያወጣው እሱ ነው። ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ ዘፈን አዞረ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳይ ውስጥ መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ስብስብም በአብዛኛው የቆመው እነዚህ ሁለት ሰዎች ባስቀረጹት ላይ ነው።

ካሴት ሸክላን የተካው በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር፤ ለእኛ የደረሰበት ጊዜ ግን ከሰዓት እላፊ ጋር ገጠመ። ማታ ማታ ክበብ የሚያመሸው ሰው ቤቱ መክተት ግድ ሲሆንበት ሙዚቃው ተከትሎት ገባ። ሸክላ ማጫወቻ ያልነበረው ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ገዛ። ለባለሙዚቃ ቤቱም ካሴት ትልቅ ነፃነት ሰጠው። ሸክላ ውጭ አገር ማሳተም፣ ጉምሩክ፣ የውጭ ምንዛሪ ሁሉ ቀረለት፤ ባዶ ካሴትና ማባዣ ማሽን ካለው እዚያው ጓዳው ውስጥ ያትማል። ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ናሆም የመሳሰሉት ስሞች ካሴት ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ስም እኩል የሚታወቁ ሆኑ።

አንድ አልበም እንዴት ይወጣ እንደነበር ለማያውቅ ወጣት አንባቢ በዝርዝር ልንገረው።

ዘፋኙ ሁለት ሦስት ዘፈን በተራ ቴፕ ቀርጾ ወደ ባለሙዚቃ ቤቱ ይመጣል። ታዋቂ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎት ይሄዳል። ባለቤቱ በአብዛኛው ኖታ አያነብም፤ ግን በየቀኑ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሰው ምን ሰምቶ እንደሚቆም፣ ምን ሰምቶ እንደሚያልፍ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። «ይሄ ይሄዳል፣ ይሄኛውን ቀይረው፣ አንድ የሠርግ ጨምርበት፣ ትዝታ የለህም ወይ?» ይላል። ከተስማሙ ውል ይፈራረማሉ። ክፍያው ባመዛኙ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ዘፋኙ የድርሻውን ይቀበላል፣ ግጥም ደራሲውና ዜማ ደራሲው በየዘፈኑ ይከፈላቸዋል፣ ቅንብሩን የሚሠራው ባንድ ወይም አቀናባሪ የራሱን ይወስዳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ይህንን ሥራ እንደ ሮሃ ባንድ ያሉ ሙሉ ባንዶች ይሠሩት ነበር፤ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካሴቶች ምሽት ላይ የሚጫወቱበት ሆቴል ወይም ክበብ ቀን ቀን ባዶ ሲሆን የተቀረጹ ናቸው። በኋላ አንድ ሰው በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻውን የሚያቀናብርበት ጊዜ መጣና ወጪው ወረደ።

ማስተሩ ካለቀ በኋላ ባለሙዚቃ ቤቱ ፎቶ ያስነሳል፣ ሽፋን ያሳትማል፣ ያባዛል። ስድሳ ደቂቃ በሚይዝ ካሴት ውስጥ 90 ሜትር የሚጠጋ ክር አለ፤ በእያንዳንዱ ጎን አምስት ወይም ስድስት ዘፈን ይገባል። የመጀመሪያው ዘፈን ምርጫ ትልቅ ክርክር ነበረው፤ ሞንታርቦው ላይ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነውና። መውጫውም በዘፈቀደ አይወሰንም፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ይጠበቃል። ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች በካርቶን ጭነው ይሄዳሉ። አልበሙ በወጣ ማግስት በየመንገዱ ያለ ሞንታርቦ ሁሉ አንድ ዘፈን ይጮሃል፤ ታክሲው፣ ቡና ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ይቀበላል። አልበሙ ካልተሸጠ ኪሳራው የባለሙዚቃ ቤቱ ነው፤ ዘፋኙ፣ ደራሲውና አቀናባሪው ክፍያቸውን አስቀድመው ወስደዋል። ከተሸጠ ደግሞ ትርፉ በአብዛኛው የባለሙዚቃ ቤቱ ይሆናል። በዚህ ብዙ የሙዚቃ ሰዎች ቅሬታ ነበራቸው፤ ቅሬታቸውም እውነት ነበረው። በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠ ዘፈን ለሠላሳ ዓመት ሲዘፈን ደራሲው ምንም ሳያገኝ የኖረባቸው ጊዜያት ጥቂት አልነበሩም። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር አልልም። ግን ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት አንድም ሳንቲም ሳያወጣ አሥር ዘፈን በባለሙያ ተቀናብሮለት እንዲወጣ ያደርግ ነበር።

የባንኮኒው ሥራም የራሱ ሙያ ነበረው። ደንበኛው የዘፋኙን ስም አያውቅም፣ የዘፈኑንም ርዕስ አያውቅም፤ ጥቂት ያንጎራጉራል። ልጁ ዞር ብሎ ከመቶ ካሴት መሐል አንዱን ይመዛል። ሌላው በወረቀት የዘፈን ዝርዝር ጽፎ ከባዶ ካሴት ጋር ትቶ ይሄዳል፤ ማታ ተመልሶ የራሱን ምርጫ ተቀድቶ ይወስዳል። ባዶ ካሴት ራሱ ሌላ አገልግሎት ነበረው፤ ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ወላጆች ድምፃቸውን ቀድተው በሰው እጅ ይልኩ ነበር። ምርቃት፣ ወቀሳ፣ የጎረቤት ወሬ፣ የዶሮ ጩኸት ሳይቀር ያለበት የስድሳ ደቂቃ ደብዳቤ ነው። እዚያም ማዶ፣ በዋሽንግተን የአበሻ ሱቆች፣ ካሴቱና ሲዲው ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን ተደርድሮ ይሸጥ ነበር።

ሙዚቃ ቤትን ኢንተርኔት ገደለው ሲባል እሰማለሁ። የመጀመሪያውን ቁስል ያደረሰው ግን ኢንተርኔት አይደለም። ሁለት ካሴት የሚይዘው ቴፕ ሲመጣ ማንም ቤቱ ተቀምጦ መገልበጥ ቻለ። ያም ቢሆን ግልባጩ ድምፁ ይደክም ስለነበር «ኦርጂናል» የሚለው ቃል ዋጋ ነበረው። ሲዲ ይህንን ልዩነት አጠፋ፤ ግልባጩ ከዋናው አይለይም። ኤምፒ3 ሲጨመር አንድ ሲዲ ከአሥር በላይ አልበም የሚይዝ ሆነ፤ አዟሪው መንገድ ላይ በአንድ አልበም ዋጋ የዓመቱን ሥራ ሁሉ ይሸጥ ጀመር። ቀጥሎ የስልክ ሚሞሪ መጣ። ኮምፒውተር የዘረጋ ልጅ በጥቂት ብር የፈለጉትን ያህል ዘፈን ይጭናል። የታክሲው ቴፕ በፍላሽ ተተካ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ይህ ጎርፍ ከጀመረ በኋላ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ የሮያሊቲ ክፍያን በጋራ ለሚሰበስቡ ማኅበራት በር ከፈተ። ሕጉ ጥሩ ነው። በየመንገዱ የሚዞረውን ሺህ አዟሪ ግን የሚይዝ እጅ አልነበረውም።

የቀረውን ዩቲዩብ ጨረሰው። የሞባይል ኢንተርኔት ሲስፋፋ ከአዟሪው መግዛትም አስፈላጊ አልሆነም፤ አዟሪውም ራሱ ጠፋ። አልበም በነጠላ ዜማ ተተካ። ነጠላ ዜማ ከክሊፕ ጋር ይወጣል፤ ክሊፑ ደግሞ ከዘፈኑ የበለጠ ገንዘብ ሊበላ ይችላል። አልበም ፈጽሞ አልቀረም፤ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ መርቷል። ግን እሱን የሚመስል ስም ያለው ስንት ሰው ነው? ሙዚቀኞቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኤልያስ መልካና ጆኒ ራጋን ጨምሮ የሙያው ሰዎች በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለ በስልክ ዘፈን መግዣ መተግበሪያ አቅርበዋል። ኤልያስ የሥራውን ፍሬ ብዙም ሳያይ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ማረፉ ያንገበግባል። የአሳታሚነቱን ሥራ የቀጠሉ አንዳንድ ነባር ቤቶችም፣ ናሆምን የመሰሉ፣ ካሴታቸውን ትተው በዩቲዩብ ቻናል ይሠራሉ።

ማከፋፈሉ ወራሽ አግኝቷል፤ እንዲያውም በጣም የተሻለ። ዛሬ ጅማ የተቀረጸ ዘፈን ካርቶን የሚጭን ነጋዴ ሳይጠብቅ በዚያው ደቂቃ ቤይሩትና ሚኒያፖሊስ ይሰማል። ወራሽ ያጣው አስቀድሞ መክፈሉ ነው። ስም የሌለው ድምፃዊ ዛሬ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩን፣ ስቱዲዮውን፣ ክሊፑን ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ወይ ከቤተሰብ ይበደራል፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ወዳጅ ይልክለታል፣ ወይ ምስጋና የሚፈልግ ባለሀብት ይፈልጋል። ከፋዩ ሲለወጥ የሚዘፈነውም ይለወጣል። ባለሙዚቃ ቤቱ ገንዘቡን የሚመልሰው የማያውቀው ሰው ሲገዛው ብቻ ስለነበር፣ ሰውየው የሚወደውን ለማግኘት ይጨነቅ ነበር። ለወዳጅ የከፈለ ሰው ያን ጭንቀት አያውቀውም። ዛሬ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው በሳምንት የሚረሱ ዘፈኖች የሚበዙት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ኢንተርኔት የሰጠውንም መካድ አይገባም። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር፤ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን «ሸሞንሟናዬ» የተባለ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የተሠራ ካሴት፣ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ሰውየው በኢንተርኔት ኃይሉን አፈላልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱን እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። ግን ሰውየው ያገኘው ካሴቱ ሳይጣል ስለቆየ ነው።

ስለዚህ አሁን አስቸኳዩ ጉዳይ በአሮጌ ሙዚቃ ቤቶች ጓዳና በባለቤቶቹ ልጆች ቤት ያለው ነገር ነው። ማስተር ካሴቶች አሉ፤ ክሩ ከዓመት ዓመት ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር በጥንቃቄ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሺህ ካሴት ያለው ቤት በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ አራት ወር ይፈጅበታል። ከካሴቱ ጎን ደግሞ ሰው ብዙም የማያስባቸው ወረቀቶች አሉ፦ ውሎችና የክፍያ ደረሰኞች። የትኛውን ግጥም ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ የተሸጠው ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚለው እዚያ ላይ ሰፍሯል። የድሮ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ገንዘብ ማምጣት በጀመረበት በዚህ ጊዜ «የእኔ ነው» የሚል ብዙ ነው፤ ደራሲውም ሆነ ወራሾቹ መብታቸውን ሊያስረዱ የሚችሉት በዚያ ወረቀት ነው። የካሴት ሣጥን ለቆራሊዮ የሚሰጥ ቤተሰብ ካለ፣ ቢያንስ ወረቀቶቹን ለይቶ ያስቀምጥ።